ሂሜዩሪ ምንድን ነው?

ጃፓን ውስጥ፣ በኦኪናዋ ደሴት ደቡብ፣ ኢቶማን በምትባል ከተማ አንድ የዋሻ አፍ አለ። አጠገቡ የመታሰቢያ ሐውልት ቆሟል። ሰው እዚያ አበባ አስቀምጦ፣ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። ይህ የሂሜዩሪ መታሰቢያ ነው።

ሂሜዩሪ የአበባ ስም ነው። ግን ሁለት የሴቶች ትምህርት ቤቶችም በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር። የአንዱ መጽሔት «ኦቶሂሜ»፣ የሌላው «ሺራዩሪ» ይባላል፤ የሁለቱን ስም አጋጥመው ሂሜዩሪ አሉት።

በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ማርች 23 ቀን 1945፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ ከነዚህ ትምህርት ቤቶች 222 ተማሪዎችና 18 መምህራን በጃፓን ጦር ሆስፒታል እንዲያገለግሉ ተወሰዱ። ልጆቹ ከ15 እስከ 19 ዓመት ናቸው። ቶሎ ተመልሰን እንማራለን ብለው ደብተርና መጽሐፍ ይዘው የሄዱ ነበሩ። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያመኝ ይሄ ደብተር ነው።

ሆስፒታል የተባለው ሀኤባሩ ላይ ኮረብታ ተፈልፍሎ የተሠራ ዋሻ ነበር። እዚያ እግሩ የሚቆረጠውን ወታደር ይይዛሉ፤ ቦምብ እየዘነበ ውሃና ምግብ ያመላልሳሉ፤ ሬሳ ይቀብራሉ። በሜይ መጨረሻ ጦሩ ወደ ደቡብ ሲሸሽ እነሱም ተከተሉ።

ጁን 18 ማታ አዲስ ትእዛዝ መጣ፦ ቡድኑ ተበትኗል፣ ከእንግዲህ ሁላችሁም በየራሳችሁ ውጡ። ወዴት? ዙሪያውን የአሜሪካ ጦር ከቧል። እጅ መስጠት ደግሞ ውርደት ነው፣ ጠላት አሠቃይቶ ይገድላችኋል ተብለው ነው ያደጉት። በማግስቱ ማለዳ፣ ዛሬ ሐውልቱ ያለበት ዋሻ ተመታ። ውስጥ ከነበሩት አብዛኞቹ አለቁ።

ከ240ዎቹ 136 ሞተዋል። ከነዚህም ከ100 በላይ የሚሆኑት የሞቱት «ተበትናችኋል» ከተባሉ በኋላ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። በዚያ እሳት መሃል ልጆችን በሉ ሂዱ ብሎ መልቀቅ ይቅር የሚባል አይደለም።

ሐውልቱ የቆመው በ1946 ነው። ከጎኑ ያለውን ሙዚየም የትምህርት ቤቶቹ የቀድሞ ተማሪዎች በ1989 ከፈቱት። በሕይወት የተረፉት ራሳቸው እስከ 2015 ድረስ ለጎብኚ ሲተርኩ ኖረዋል።

ከሄዱ ዋሻውን አይተው ብቻ አይመለሱ። ሙዚየሙ ውስጥ የልጆቹ ፎቶ ግድግዳው ላይ ተደርድሯል። ከእያንዳንዱ ሥር ስሟ፣ ምን ዓይነት ልጅ እንደነበረች፣ እንዴት እንደሞተች ተጽፏል። የተረፉት የሰጡት ምስክርነትም እዚያው በትልልቅ መጽሐፍ ተዘርግቷል። አንዱን ገልጠው እስከ መጨረሻው ያንብቡት።