የቀደምት ኩዌከሮች ጽሑፎችና ዕቅበተ እምነታቸው

ኩዌከሮች፣ በራሳቸው አጠራር «ወዳጆች»፣ በእንግሊዝ አገር የእርስ በርስ ጦርነት ማግስት፣ በ1640ዎቹ መጨረሻና በ1650ዎቹ መጀመሪያ የተነሡ ክርስቲያኖች ናቸው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ካህንም ሆነ የተጻፈ ጸሎት በሌለበት ጉባኤ በዝምታ ተቀምጠው፣ መንፈስ አንዱን ወይም አንዷን እስኪያናግር ይጠብቁ ነበር። «ፊደል ይገድላልና፥ መንፈስ ግን ሕይወትን ይሰጣል» የሚለውን የጳውሎስን ቃል አጥብቀው የያዙት እነዚህ ዝምተኞች በዘመናቸው ማተሚያ ቤቶችን ሥራ ካበዙባቸው ወገኖች መካከል መሆናቸው ያስገርማል፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ሰባኪዎቻቸው እየታሰሩ፣ ጉባኤዎቻቸው እየተበተኑ ስለ ነበር ወኅኒ ሊያግደው የማይችለው አንደበታቸው ወረቀት ብቻ ነበር።

የንቅናቄው ግንባር ቀደም የሸማኔ ልጅና የጫማ ሰፊ ተለማማጅ የነበረው ጆርጅ ፎክስ (1624–1691) ነው። «ኩዌከር»፣ ማለትም «ተንቀጥቃጭ»፣ የሚለውን ስም ያወጣላቸው በ1650 በደርቢ ከተማ ፎክስን የመረመረ ዳኛ ሲሆን፣ መነሻውም ፎክስ በእግዚአብሔር ቃል ፊት ተንቀጥቀጡ ማለቱ ነው። የስድብ ስሙ ከመጠሪያነት አልፎ የሙግት ርዕስ ሆነ፤ ጸሐፊዎቻቸው ሙሴና ነቢያትም ተንቀጥቅጠዋል እያሉ መለሱ።

የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች በችኮላ የታተሙ፣ ጥቂት ቅጠል ያላቸው በራሪ ድርሳናት ነበሩ። በ1656 ኩዌከሩ ኤድዋርድ በሮው ከሰባኪው ጆን በንያን ጋር በመጻሕፍት ተፋለመ፤ በንያን በኢየሩሳሌም ተሰቅሎ ያረገውን ክርስቶስ ትታችኋል ሲል፣ በሮው ያው ክርስቶስ በውስጥ እንደሚያበራ ተሟገተ። ፎክስ ደግሞ በ1659 ባሳተመው ወፍራም መጽሐፍ ከመቶ በላይ ለሆኑ የተቃዋሚ ጽሑፎች መልስ ሰጠ፤ የባላጋራውን ቃል ነቅሶ ያወጣና ከሥሩ መልሱን ያስከትላል። የዛሬ አንባቢ ቢሰለቸው አይፈረድበትም፤ ቁጣው ግን እስካሁን ትኩስ ነው።

ካስነሡት ክርክር ሁሉ ለአማርኛ ተናጋሪ በቀላሉ የሚገባው የ«አንተ» እና የ«እርስዎ» ነገር ነው። ኩዌከሮች ለአንድ ሰው በብዙ ቁጥር መናገርን ሽንገላ ነው ብለው ስለ ተዉት፣ ዳኛውንም ጌታውንም አባታቸውንም አንተ ይሉ ነበር፤ ስለዚህም ተገርፈዋል፣ ታስረዋል። በ1660 ፎክስ፣ ጆን ስተብስና ቤንጃሚን ፈርሊ ያሳተሙት መጽሐፍ በብዙ ቋንቋዎች ነጠላውና ብዙው እንዴት እንደሚለያዩ የሚያሳይ ሲሆን፣ ከምስክሮቹ አንዱ ግዕዝ ነው። ለአንዱ «አንተ»፣ ለብዙዎቹ «አንትሙ» የሚለው ግዕዝ በእርግጥ ይደግፋቸዋል፤ የአማርኛውን «እርስዎ» ቢያውቁት ግን ደስ ባላላቸው ነበር።

ኩዌከሯ ማርጋሬት ፌል በላንካስተር እስር ቤት ሳለች በ1666 የታተመው ድርሳኗ ሴቶች በጉባኤ እንዲናገሩ ይሟገታል። ሴቶች ዝም ይበሉ የሚለው ትእዛዝ ሥርዓት ላፈረሱ የተሰጠ እንጂ መንፈስ ለሚያናግራቸው እንዳልሆነ ካስረዳች በኋላ፣ የትንሣኤውን ዜና ይዘው የሮጡት ሴቶች መሆናቸውን ታስታውሳለች፤ መልእክታቸው ባይታመን ኖሮ የሰው ልጅ ቤዛነት ምን ይሆን ነበር ብላ ትጠይቃለች። በ1661 ደግሞ በለንደን የታጠቁ አክራሪዎች ባመፁ ጊዜ ኩዌከሮችም በጅምላ ስለ ታሰሩ፣ ፎክስና ሌሎች 11 ሰዎች ለምንም ዓላማ ጦር እንደማያነሡ ለንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ በጽሑፍ አሳወቁ።

ከ1673 ጀምሮ ረቂቆችን ከኅትመት በፊት የሚመረምር ጉባኤ በለንደን ስለ ተቋቋመ የጽሑፎቹ ጠባይ ረጋ አለ። የዚህ ዘመን ታላቁ ሥራ የስኮትላንዳዊው ሮበርት ባርክሌይ ዕቅበተ እምነት ነው። በፓሪስ የካቶሊክ ኮሌጅ የተማረው ባርክሌይ መጽሐፉን በ1676 በላቲን፣ በ1678 በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ ኩዌከሮችን መሃይም ይሏቸው የነበሩት ሊቃውንት በራሳቸው ቋንቋና በራሳቸው ሥርዓት ተሞገቱ። ከ15ቱ አንቀጾች ዋነኛዎቹ በውስጥ የሚያበራው የክርስቶስ ብርሃን ለሰው ሁሉ የተሰጠ ነው ሲሉ፣ የሚድኑትንና የሚጠፉትን እግዚአብሔር አስቀድሞ ወስኗል የሚለውን የካልቪንን የቅድመ ውሳኔ ትምህርት ይቃወማሉ፤ መጻሕፍት ቅዱሳትንም የምንጩ ምስክር እንጂ ምንጩ ራሱ አይደሉም ይላሉ። በመግቢያው ንጉሡን አንተ እያለ፣ ስደትንም ዙፋንንም ቀምሰሃልና ግፈኛ በእግዚአብሔርም በሰውም ዘንድ ምን ያህል የተጠላ እንደሆነ ልታውቅ ይገባሃል ይለዋል።

ስለ አምልኮ በሚናገረው 11ኛው አንቀጽ ግን ባርክሌይ ሙግቱን ለጥቂት መሥመር ያቆማል። እሱ ራሱ እምነቱን የተቀበለው በክርክር ተረትቶ ሳይሆን፣ ዝም ወዳለው ጉባኤያቸው በገባ ጊዜ ልቡን የነካ ኃይል ስለ ተሰማው፣ ክፋቱ ሲደክም መልካሙም ሲነሣ ስላወቀው እንደሆነ ይመሰክራል።