በልብ ውስጥ የሚገኙ ክሮማፊን ሕዋሳት ምንድን ናቸው?

ክሮማፊን ሕዋሳት አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን የተባሉትን ሆርሞኖች ሠርተው የሚያከማቹና ሲያስፈልግ ወደ ደም የሚለቅቁ ሕዋሳት ናቸው። በሰው አካል ዋና መገኛቸው ከኩላሊቶች በላይ ያሉት የአድሬናል ዕጢዎች ውስጠኛ ክፍል ሲሆን፣ በድንጋጤ ጊዜ ልብ በኃይል የሚመታው በከፊል ከዚያ በሚፈልቀው አድሬናሊን የተነሣ ነው። መንጋጋ በሌላቸው ሁለት የዓሣ ወገኖች፣ ማለትም በሃግፊሽና በላምፕሬ፣ ግን እነዚህ ሕዋሳት በልብ ግድግዳ ውስጥም ይገኛሉ። ሆርሞኑ የሚከማችበትና ሥራውን የሚሠራበት ቦታ አንድ ሆኗል ማለት ነው።

ይህ እንዴት እንደታወቀ ማየቱ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ስዊድናዊው ኡልፍ ፎን ኦይለር በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ኖርአድሬናሊን የሲምፓቴቲክ ነርቮች፣ ማለትም በድንጋጤና በሥራ ጊዜ ልብንና ሌላውን አካል የሚያነቃቁ ነርቮች፣ መልእክት አስተላላፊ መሆኑን ያሳየ፣ በ1970ም ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት የተቀበለ ሳይንቲስት ነው። በአጥቢ እንስሳት ልብ ውስጥ የሚገኘው ኖርአድሬናሊን በአብዛኛው የተከማቸው በነርቮቹ ጫፍ ስለሆነ፣ ነርቮቹ ተቆርጠው ሲሞቱ እሱም አብሮ ይመነምናል። የሃግፊሽ ልብ በአንጻሩ ምቱን የሚቆጣጠር ነርቭ ከውጭ አይደርሰውም፤ ሆኖም ሲመረመር በእነዚህ ሆርሞኖች የበለጸገ ሆኖ ተገኘ። ነርቭ ከሌለ ክምችቱ የት ነው የተቀመጠው? ፎን ኦይለር የተሳተፈበት ቡድን በ1960 ባሳተመው ጥናት መልሱ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ታየ፤ በልብ ጡንቻ መካከል ጡንቻም ነርቭም ያልሆኑ፣ ውስጣቸው በጥቋቁር እንክብሎች የታጨቀ ልዩ ሕዋሳት ነበሩ።

እያንዳንዱ እንክብል በስስ ሽፋን የተከበበ፣ መጠኑም ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ እጅግ ያነሰ የሆርሞን ማከማቻ ነው። ሕዋሱ ሲነቃቃ የእንክብሉ ሽፋን ከሕዋሱ የውጭ ሽፋን ጋር ይዋሐድና ይዘቱ ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ በአጠገቡ ያለው የልብ ጡንቻ ሆርሞኑን ሳይርቅ ያገኘዋል፣ ቀሪውም በልብ ውስጥ ከሚያልፈው ደም ጋር ወደ ሌላው አካል ይሄዳል። አድሬናሊን በልብ ላይ የሚያርፍበትን ቤታ ተቀባይ የሚዘጋ መድኃኒት ለሃግፊሽ ሲሰጥ የልቡ ምት ይቀንሳል። እንግዲህ ክምችቱ ለክፉ ቀን ብቻ የተቀመጠ አይደለም፤ እንስሳው ዕረፍት ላይ እያለም የልቡን ምት ይደግፋል።

በሌሎች ዓሦች አቀማመጡ ይለያያል። በሻርኮች ሕዋሳቱ ደምን ወደ ልብ በሚመልሱ ትልልቅ ደም መልሶች አጠገብ ተሰባስበው ይገኛሉ፤ በብዙ አጥንታማ ዓሦችም በፊተኛው የኩላሊት ክፍል ውስጥ በሚያልፈው ደም መልስ ግድግዳ ላይ ተሰልፈዋል። ከልብ ቢወጡም ከደጃፉ አልራቁም፤ የለቀቁትን ሆርሞን ቀድሞ የሚያገኘው አሁንም ልብ ነው። ሳንባ ያላቸው ዓሦች ደግሞ እንደ ሃግፊሽ ሁሉ በላይኛው የልብ ክፍል ውስጥ ክሮማፊን ሕዋሳት አሏቸው።

ሃግፊሽና ላምፕሬ ብዙ ጊዜ «ጥንታዊ ዓሦች» ይባላሉ። አባባሉ በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባል፤ ዛሬ በሕይወት ያሉ እንስሳት እንጂ የእኛ ቅድመ አያቶች አይደሉም፣ የዘር ሐረጋቸውም ከመንጋጋ ባለቤቶቹ ከተለየ 500 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ዘመን እነሱም በራሳቸው መንገድ ተለውጠዋል፤ ስለዚህ የልባቸው አሠራር ብቻውን የመጀመሪያው ዓሣ ልብ ምን ይመስል እንደነበር አያረጋግጥም።

ይሁን እንጂ በአጥቢ እንስሳትም ተቀራራቢ ነገር ታይቷል። በፅንስ ልብ ውስጥ ሲምፓቴቲክ ነርቮች ገና ሳይደርሱ አድሬናሊን መሥራት የሚችሉ ሕዋሳት ተገኝተዋል። በ1995 በተደረጉ ጥናቶችም እነዚህን ሆርሞኖች ለመሥራት የሚያስፈልገው ኢንዛይም እንዲጎድላቸው የተደረጉ የአይጥ ፅንሶች አብዛኞቹ ሳይወለዱ ሞተዋል፤ ለሞታቸው ምክንያት ሆኖ የታየውም የልብ መድከም ነበር።