የሕያዋን ሰዎች ደንብ ምንድን ነው? የአንድ ቤዝቦል ፒቸር ገጽ ሲታረም

ዊኪፔዲያን ማንም ሰው ሊያርመው ይችላል። ስለ አንድ ተራራ የተጻፈ ስህተት ካለ፣ አንዱ አይቶ እስኪያስተካክለው ይቆያል። ተራራው ምንም አይሆንም። ስለ ሕያው ሰው የተጻፈ ስህተት ግን ሰውየው ላይ ይደርሳል። ቀጣሪው ያነበዋል። ልጆቹ ያነቡታል። አንድ ጋዜጠኛ ይቀዳዋል፣ ከዚያ ሌላው ከጋዜጠኛው ይቀዳል፣ በመጨረሻ ከየት እንደመጣ እንኳ አይታወቅም። ለዚህ ነው ዊኪፔዲያ በሕይወት ስላሉ ሰዎች ለሚጻፍ ነገር ለብቻው የወጣ ጥብቅ ደንብ ያለው። እዚህ «የሕያዋን ሰዎች ደንብ» እያልኩ ልጥራው።

ደንቡን በሥራ ላይ ለማየት የአንድ ፕሮፌሽናል ቤዝቦል ፒቸር ገጽ ጥሩ ቦታ ነው። ፒቸር ኳሷን ለመቺው የሚወረውረው ተጫዋች ነው። እያንዳንዱ ቅብብል ከእሱ እጅ ይጀምራል። ከዚያም በላይ፣ ቤዝቦል ውስጥ የቡድኑ ድልም ሽንፈትም በአንድ ፒቸር ስም ይመዘገባል። ስለዚህ ቡድኑ ሲሸነፍ የበሸቀ ደጋፊ የሚሮጠው ወደ እሱ ገጽ ነው። ሲያሸንፍም እንዲሁ፤ «የዘመኑ ምርጥ» የሚል ቃል በደቂቃ ውስጥ ይገባል።

ደንቡ በአጭሩ ምን ይላል? ስለ ሕያው ሰው የተጻፈ አከራካሪ ነገር ታማኝ ምንጭ ከሌለው ወዲያው ይነሣ። ስድብም ይሁን ሙገሳ ለውጥ የለውም። በሌሎች ገጾች ላይ «ምንጭ ይፈለጋል» የሚል ምልክት ለጥፎ መጠበቅ የተለመደ ነው። እዚህ አይጠበቅም። መጀመሪያ ይነሣል፣ ከዚያ ውይይት ይደረጋል። መልሶ ማስገባት የሚፈልግ ሰው ምንጩን ይዞ የመምጣት ግዴታ አለበት። የደንቡ ክብደት የሚታየው ደግሞ እዚህ ላይ ነው፦ በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ አንድ አርታኢ በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ገጽ ላይ የሌሎችን ሥራ ከ3 ጊዜ በላይ መሻር አይፈቀድለትም። ስለ ሕያው ሰው የተጻፈን ግልጽ ምንጭ አልባ ውንጀላ የሚያነሣ ሰው ግን በዚህ ገደብ አይታሰርም።

ይህ ጥብቅነት ከባዶ ሜዳ አልመጣም። ጆን ሲገንታለር የሚባሉ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ነበሩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ወንድም የሆነው የሮበርት ኬኔዲ ረዳት ሆነው ሠርተዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሮበርት ሲቀበር ሬሳውን ከተሸከሙት ሰዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ። በሜይ 2005 አንድ ስሙን ያልገለጸ ሰው ስለ እሳቸው ገጽ ከፈተ። በጆንና በሮበርት ኬኔዲ ግድያ ተጠርጥረው እንደነበር ጻፈ። ጨርሶ ፈጠራ ነበር። ጽሑፉ አራት ወር ያህል ማንም ሳያነሣው ቆየ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ሲገንታለር የደረሰባቸውን ዩኤስኤ ቱዴይ ጋዜጣ ላይ ጻፉ። ጉዳዩ ትልቅ መነጋገሪያ ሆነ። በዲሴምበር የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ሳይመዘገቡ አዲስ ገጽ መክፈትን ከለከለ፣ የሕያዋን ሰዎች ደንብም በዚያው ሰሞን ተጻፈ። ሰውየው የቅርብ ወዳጃቸውን አስከሬን ተሸክመው ቀብረዋል። በወዳጃቸው ግድያ ተጠርጥረው ነበር የሚል ጽሑፍ በስማቸው ተለጥፎ ያን ያህል ጊዜ መቆየቱ ዛሬም ያሳዝነኛል።

ወደ ፒቸራችን እንመለስ። ብዙ ሰው ገጹን የሚያርመው ክፋት አስቦ አይደለም። ቸኩሎ ነው። ዲሴምበር 8 ቀን 2023 የሆነውን እንይ። ሾሄይ ኦታኒ፣ መወርወሩንም መምታቱንም የሚችለው ጃፓናዊ ኮከብ፣ አዲስ ክለብ እየፈለገ ነበር። ከካሊፎርኒያ ወደ ቶሮንቶ የምትበር አንዲት የግል አውሮፕላን እሱን ይዛለች ተባለ። ሕዝቡ በረራዋን በኢንተርኔት ተከታተለ። የቶሮንቶውን ክለብ ብሉ ጄይስን መርጧል የሚል ዘገባም ወጣ። አውሮፕላኗ ስታርፍ የወረደው አንድ ካናዳዊ ነጋዴ ከቤተሰቡ ጋር ነበር። በማግስቱ ኦታኒ ራሱ በኢንስታግራም ከሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ጋር መስማማቱን አሳወቀ። ውሉ 10 ዓመት፣ 700 ሚሊዮን ዶላር።

እንዲህ ባለ ቀን ገጹ ላይ የክለቡን ስም የሚቀይር ሰው «ዜና ላይ አይቻለሁ» ሊል ይችላል። እውነቱን ነው፣ አይቷል። ግን ኢንሳይክሎፔዲያ ከማንም ቀድሞ የመናገር ግዴታ የለበትም። ቤዝቦል ውስጥ ስምምነት ከተወራ በኋላም የሕክምና ምርመራ ይቀራል፣ በምርመራው ምክንያት የፈረሱ ውሎች አሉ። ክለቡ እስኪያሳውቅ አንድ ቀን መጠበቅ አንባቢን ምንም አያሳጣውም።

ጥቂት ወራት ቆይቶ የመጣው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነበር። በማርች 2024 የኦታኒ አስተርጓሚ ከሥራ ተባረረ። ከተጫዋቹ የባንክ ሂሳብ ሕገወጥ ውርርድ ለሚያካሂድ ሰው ብዙ ገንዘብ መላኩ ተሰማ። ወዲያው ጥርጣሬው ተናፈሰ፦ ራሱ ኦታኒ ተወራርዶ ቢሆንስ? ቤዝቦል ላይ መወራረድ ለተጫዋች የሙያው መጨረሻ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ነገሩ ቀላል አልነበረም። ኤፕሪል ላይ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ኦታኒ ተበዳይ መሆኑን ገለጸ። ጁን ላይ አስተርጓሚው ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋቱን አመነ። የተወሰደው ገንዘብ 17 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር።

በማርችና በኤፕሪል መካከል የነበሩትን ሳምንታት አስቡ። አንድ ጥሩ አርታኢ በዚያ ጊዜ ምን ይጽፋል? የተረጋገጠውን ብቻ። አስተርጓሚው ተባሯል፣ ምርመራ ተከፍቷል፣ ኦታኒ አልተወራረድኩም ብሏል። «ብዙዎች ይጠረጥራሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር አይጽፍም፣ ምክንያቱም ጥርጣሬን መቁጠርም ማረጋገጥም አይቻልም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ደንቡ የሚጠብቀው ገጹ በስሙ የተከፈተለትን ሰው ብቻ አይደለም። አስተርጓሚውም ሕያው ሰው ነው። ከማመኑ በፊት «ሰረቀ» ብሎ መጻፍ አይቻልም ነበር፣ «ተከሰሰ» ይበቃል። ዳኛውም፣ መቺውም፣ የቀድሞ የትዳር ጓደኛም፣ በገጹ ላይ ስማቸው የሚነሣ ሁሉ በዚሁ ደንብ ሥር ናቸው።

አርታኢው በራሱ መርማሪ እንዳይሆንም ደንቡ ይከለክላል። የፍርድ ቤት መዝገብ ቆፍሮ፣ ከዚያ ላይ አንድ ውንጀላ አውጥቶ ገጹ ላይ መለጠፍ አይፈቀድም። መጀመሪያ የታወቀ የዜና ተቋም ወይም መጽሐፍ ጉዳዩን ማንሣት አለበት። ሁሉም ጋዜጣ እኩል አይታይም፤ በ2017 የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ አርታኢዎች የብሪታንያውን ዴይሊ ሜይል እንደ ምንጭ መጥቀስ በጥቅሉ እንዲቀር ተስማምተዋል።

አሁን እኔን በጣም የሚማርከኝ ጉዳይ ላይ ደረስን። ዓለም ሁሉ እውነቱን እያወቀ መዝገቡ ሌላ ሲልስ?

ጁን 2 ቀን 2010 የዲትሮይት ታይገርስ ፒቸር አርማንዶ ጋላራጋ ከክሊቭላንድ ጋር ይጫወት ነበር። ተከታታይ 26 መቺዎችን አንድም ሰው ቤዝ (ሯጩ የሚደርስበት የሜዳ ጣቢያ) ሳያስይዝ አስወጣ። የመጨረሻውን፣ 27ኛውን ቢያስወጣ «ፐርፌክት ጌም» ይሆናል። ይህ በአሜሪካው ከፍተኛ የቤዝቦል ውድድር፣ በሜጀር ሊግ ታሪክ እስከ 2023 መጨረሻ ድረስ 24 ጊዜ ብቻ የሆነ ነገር ነው። ጄሰን ዶናልድ መታ፣ ኳሷ ተይዛ ወደ አንደኛ ቤዝ ተወረወረች፣ ጋላራጋ ራሱ እዚያ ደርሶ ተቀበላት። ዳኛው ጂም ጆይስ ግን እጁን ዘርግቶ ሯጩ ደርሷል አለ። በድጋሚ ምስሉ ሲታይ ሯጩ አልደረሰም። ጆይስ በዚያው ምሽት መሳሳቱን በይፋ ተናገረ። በማግስቱ ጋላራጋ የአሰላለፍ ወረቀቱን ይዞ ወደ እሱ ሄደ፤ ዳኛው እንባውን መቆጣጠር አቃተው። የሊጉ ኮሚሽነር ባድ ሲሊግ ግን ውሳኔውን አልሻሩትም። በመዝገቡ ላይ ዛሬም አንድ ሂት (መቺውን ቤዝ ያደረሰ ምት) የተመታበት ጨዋታ ነው።

የጋላራጋን ገጽ የሚያርም ሰው «ፐርፌክት ጌም ወርውሯል» ብሎ መጻፍ ይችላል? አይችልም። እጁ ቢያሳክከውም አይችልም። ሊጉ የመዘገበውን እንደ መዝገብ ይጽፋል። ዳኛው ያመነውንና ምስሉ ያሳየውንም ምንጭ ጠቅሶ ይጽፋል። ሁለቱን ካነበበ በኋላ አንባቢው ራሱ ይፈርዳል። ገለልተኝነት ማለት ስሜት የሌለው ጽሑፍ አይደለም፤ ማን ምን እንዳለ ሳይቀላቀል ማስቀመጥ ነው። ስለ ጆይስም እንዲሁ። ረጅም የዳኝነት ሕይወቱን በአንድ ቃል ጨፍልቆ «ጨዋታውን ያበላሸው ሰው» ማለት ደንቡን ይጥሳል።

ሚዛን የሚባለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ነው። ራልፍ ብራንካ የሚባል ፒቸር ነበር። በ1947 ገና በ21 ዓመቱ 21 ጨዋታ አሸንፏል፣ ለሦስት ዓመት በተከታታይ የኮከቦች ቡድን ውስጥ ተመርጧል። ሰው የሚያስታውሰው ግን በኦክቶበር 3 ቀን 1951 ለቦቢ ቶምሰን የወረወራትን አንዲት ኳስ ነው። ቶምሰን መታት፣ የብራንካ ቡድን ብሩክሊን ዶጀርስ ዋንጫውን አጣ። ያቺን ኳስ መዝለል አይቻልም፣ ምንጮች ለአሥርተ ዓመታት ጽፈውባታል። ገጹ በሙሉ እሷ ከሆነች ግን የሕይወት ታሪክ መሆኑ ቀርቷል። በሕይወት ባሉ ፒቸሮች ገጽ ላይ ይህ ችግር በሌላ መልክ ይመጣል፦ የትናንቱ ጨዋታ ሦስት አንቀጽ ይይዛል፣ ያለፉት ስምንት ዓመታት ደግሞ ሁለት መስመር።

ስለ ቁጥሮች ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም አብዛኛው እርማት የሚደረገው እዚያ ነው። የፒቸር ዋና መለኪያ ኢ.አር.ኤ. የሚባለው ነው። በእሱ ላይ የተገቡትን ነጥቦች (በሜዳ ስህተት የመጡት ሳይቆጠሩ) በ9 ማባዛት፣ ከዚያ በወረወራቸው ኢኒንጎች (ኢኒንግ ሦስት ተጫዋቾች እስኪወጡ የሚቆይ የጨዋታ ክፍል ነው) ማካፈል። እንዲህ ያለ ቀላል ስሌት ለአርታኢ ይፈቀዳል። ወጥመዱ ኢኒንጉ የሚጻፍበት መንገድ ነው። 60.1 ማለት 60 ኢኒንግና አንድ ሦስተኛ ነው፣ አንድ አሥረኛ አይደለም። 20 ነጥብ የተገባበት ሰው በትክክል ሲሰላ 2.98 ይወጣል፣ እንደ ተራ አሥርዮሽ ካካፈሉት ደግሞ 3.00። ሌላው ነገር፣ ድሉን ብቻ ቀይሮ ሌላውን መተው ነው። በሠንጠረዡ ላይ «እስከዚህ ቀን» የሚል ጽሑፍ አለ። አንዱ ቁጥር ከተለወጠ ሁሉም ከነቀኑ መለወጥ አለበት። አለበለዚያ ድሉ የዛሬ፣ ኢ.አር.ኤ.ው ያለፈው ሳምንት ይሆናል። ውድድሩ እስኪያልቅ ቢተው ይሻላል ባይ ነኝ።

የግል ሕይወት ላይ ደንቡ ይበልጥ ይጠብቃል። የቤት አድራሻና ስልክ በፍጹም አይገባም። የትውልድ ቀን በሰፊው የታተመ ከሆነ ይገባል። የትንንሽ ልጆች ስም ለታሪኩ ካላስፈለገ ይቀራል። ሰውየው ስለ ራሱ በራሱ ገጽ ያወጣው ነገር ግን፣ ራሱን ለማሞገስ እስካልሆነና ሌላ ሰውን እስካልነካ ድረስ፣ ምንጭ ሊሆን ይችላል። ኦታኒ በፌብሩዋሪ 2024 ማግባቱን በኢንስታግራም ሲያሳውቅ ያ ለገጹ በቂ ነበር። የሙሽራዋ ማንነት ግን በዚያ መልእክት ውስጥ አልነበረም፤ ስለዚህ በመልእክቱ ላይ ተመርኩዞ ስም መገመት አይቻልም ነበር።

ፒቸሩ ራሱ ስህተት ቢያገኝስ? ግልጽ ስድብና ፈጠራ ከሆነ ራሱም ቢሆን ማንሣት ይችላል። ከዚያ ለሚያልፍ ነገር ግን የገጹን የውይይት ክፍል መጠቀም ይመከራል፣ ወይም የዊኪፔዲያን በጎ ፈቃደኞች በኢሜይል ማግኘት ይችላል። ወኪሉ ወይም ተከፋይ ሠራተኛው የሚያርም ከሆነ፣ ከ2014 ጀምሮ በአጠቃቀም ውሉ መሠረት ማን እንደሚከፍለው በይፋ መግለጽ አለበት። ደጋፊም ቢሆን እርማቱ አከራካሪ ከመሰለው መጀመሪያ የውይይት ክፍሉን ይክፈት። የትኛው ዓረፍተ ነገር፣ ምን ቢባል እንደሚሻል፣ ምንጩ የት እንዳለ በሦስት መስመር ይጻፍ። ከዚያ ሌላ አርታኢ አይቶ መልስ እስኪሰጥ ጊዜ ይስጠው።