ፊዚካል ቲያትር ምንድን ነው?

አያቴ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የልጆቿን ስም ትቀያይር ነበር። እኔን በአጎቴ ስም ትጠራኛለች። እናቴን ደግሞ «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ትላታለች። ጣቶቿ ግን ምንም አልረሱም። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ግራ እጇ ቀስ ብሎ ከፍ ይላል። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ ሽው ይላል። እንዝርት የለም፣ ጥጥም የለም። እሷ ግን ትፈትላለች። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሳያት ክሩ ሲረዝም የማየው ይመስለኝ ነበር።

ፊዚካል ቲያትርን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። ታሪኩን ከቃል ቀድሞ ሰውነት የሚነግርበት ቲያትር ነው።

ብዙ ሰው ድምፅ አልባ ተውኔት ይመስለዋል። አይደለም። ንግግር ሊኖረው ይችላል፤ እንዲያውም ወሬ የሚበዛበትም አለ። ልዩነቱ ያለው አነሳሱ ላይ ነው። እኛ የለመድነው ቲያትር ከድርሰት ይነሳል። ደራሲው ይጽፋል፣ ተዋናዩ ቃለ ተውኔቱን ይሸመድዳል፣ አዘጋጁ «በዚህ ግባ፣ እዚያ ቁም» ይላል። ፊዚካል ቲያትር የሚሠሩ ቡድኖች ግን ብዙ ጊዜ ባዶ እጃቸውን ነው ልምምድ የሚጀምሩት። አንድ ሐሳብ፣ አንድ ወንበር፣ ትንሽ ሙዚቃ ይዘው ለሳምንታት ይሞክራሉ። የሆነው ይቀራል፣ ያልሆነው ይጣላል። ጽሑፍ ካለም የሚመጣው በኋላ ነው።

ስማቸው ከሚነሳ መምህራን አንዱ ፈረንሳዊው ዣክ ለኮክ ነው። መጀመሪያ የስፖርት አስተማሪ ነበር። በ1956 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ፓሪስ ላይ የቲያትር ትምህርት ቤት ከፈተ። ተማሪዎቹ ደስታም ሐዘንም የማይታይበት ጭንብል ያጠልቃሉ። ፊት ሲሸፈን መደበቂያ ይጠፋል። የሚሰማህ ነገር ሁሉ ከአንገት በታች መውጣት አለበት። ይህን ልምምድ ማንም ቤቱ ሊሞክረው ይችላል። ፊትህን በነጠላ ሸፍነህ መስታወት ፊት ቁምና «ናፍቆኛል» ለማለት ሞክር። ትከሻህ ምን ያህል ዲዳ እንደነበረ ያኔ ይገባሃል።

ከዚያ ትምህርት ቤት ከወጡት መካከል ሳይመን ማክበርኒ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በ1983 ኮምፕሊሲቴ የተባለውን የእንግሊዝ ቡድን መሠረተ። ፍቅርንና ትዝታን አንድ ላይ ከሚያነሱ ሥራዎች ደግሞ የዚህ ቡድን «ኔሞኒክ» የተባለው ተውኔት ሊታለፍ አይችልም። በ1999 በኦስትሪያዋ ከተማ ዛልስቡርግ ታየ፣ ከዚያ በየአገሩ ዞረ፣ በ2024 ለንደን ውስጥ እንደገና መድረክ ላይ ወጣ።

ተመልካቹ ሲገባ ወንበሩ ላይ አንዲት ትንሽ ላስቲክ ያገኛል። ውስጧ የዓይን መሸፈኛና አንድ ቅጠል አለ። ዓይናችሁን ሸፍኑ ይባላል። የቅጠሉን ጅማት በጣታችሁ ዳብሱ ይባላል። እየዳበሳችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ወደ ልጅነት፣ ወደ ወላጅ፣ ወደ ወላጅ ወላጅ። ሰባት ቤት ድረስ ዘር ሲቆጠር ለሰማ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እዚህ ግን የሚቆጥረው አፍ ሳይሆን ጣት ነው።

ታሪኩ ሁለት መንገድ አለው። በአንዱ፣ ፍቅረኛው ምንም ሳትነግረው ጥላው የሄደችበት ሰው ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቶ ያድራል። እሷ አይታው የማታውቀውን አባቷን ፍለጋ አውሮፓን ታቋርጣለች። በሌላው፣ በ1991 በኦስትሪያና በጣሊያን ድንበር በረዶ ውስጥ የተገኘው፣ ከ5,000 ዓመት በላይ የቆየው ሰው አስከሬን አለ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ ተጣጣፊ የእንጨት ወንበር ነው። ተዋናዮቹ ከብበው ያነሱታል። እግሩን እግር፣ መደገፊያውን ጀርባ ያደርጉታል። ወንበሩ ይራመዳል፣ ይደክመዋል፣ በረዶው ላይ ይወድቃል። እንጨት መሆኑን እያወቅህ ታዝንለታለህ። የዚህ ቲያትር ጉልበት በአንድ ነገር ይገለጥ ቢባል እኔ ይህን ወንበር እመርጣለሁ።

እንዲህ ያለ ሥራ ለመዞር የሚመቸውም በዚህ ነው። ወንበር የትም አገር አለ። ቋንቋ ባይገባም ሲወድቅ ማየት ለሁሉም ይገባል።

ትዝታን በሰውነት መያዝ ለእኛም ሩቅ አይደለም። እስራኤል ውስጥ ሩት ኤሸል የተባለች የዳንስ ባለሙያ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሐይፋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከቤተ እስራኤል ወጣቶች ጋር ቡድን አቋቁማ ነበር። ስሙንም «እስክስታ» አለችው። አገር ጥለው ሲሄዱ ዕቃ ይቀራል። ትከሻ ግን አብሮ ይሄዳል።

ስለ ፍቅር ግን እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ የጀርመናዊቷ የዳንስ አዘጋጅ ፒና ባውሽ ሥራ «ካፌ ሙለር» ነው። በ1978 በጀርመኗ ከተማ ቩፐርታል ነው የተሠራው። ዳንስ ነው የሚሉም አሉ፣ በእርግጥ በዳንስና በቲያትር መሃል ያለው አጥር እሷ ዘንድ ፈርሷል። ወላጆቿ ምግብ ቤት ነበራቸው፤ ልጅ እያለች ጠረጴዛ ሥር ተቀምጣ ትልልቆቹን ታይ ነበር። መድረኩም ወንበርና ጠረጴዛ የሞላው ካፌ ነው።

አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ተቃቅፈው ቆመዋል። ሌላ ሰው ይመጣል። እጃቸውን ያላቅቃል። ከንፈር ለከንፈር ያገናኛቸዋል። የወንዱን ክንድ ዘርግቶ ሴቲቱን ያስታቅፈዋል። ከዚያ ይሄዳል። የወንዱ ክንድ ይዝላል፣ ሴቲቱ መሬት ትወድቃለች። ብድግ ብላ አንገቱ ላይ ትጠመጠማለች። ሰውየው ይመለሳል፣ ያላቅቃል፣ ያስታቅፋል፣ ይሄዳል። ትወድቃለች። እንደገና። ደግሞ እንደገና፣ እየፈጠነ። ትንፋሻቸው ይሰማል። አንድ ቃል አልተነገረም።

በመጨረሻ ሰውየው መምጣቱን ያቆማል። እነሱ ግን ቀጥለዋል። ራሳቸው ይላቀቃሉ፣ ራሳቸው ይሳሳማሉ፣ ክንዱ ይዘረጋል፣ እሷ ትወድቃለች።