ቁንጭር ምንድን ነው? ለምንስ አንዱን መንደር ይዞ ሌላውን ይተዋል?

ሐዋሳ በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ አንዲት ተማሪ ትኖር ነበር። ከጋሞ ደጋ የመጣች ልጅ ናት። አፍንጫዋ ላይ ቁስል ነበራት። አያማትም፣ እምብዛም አያሳክካትም። ግን አልድን አላት። አንዱ ክሊኒክ ፈንገስ ነው ብሎ ቅባት ሰጣት። ሌላው አንቲባዮቲክ አዘዘላት። እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንት ወር ሞላት።

አከራያችን ደግ ሴት ናቸው። እሁድ እሁድ ቡና ሲያፈሉ የግቢውን ሰው ሁሉ ይጠራሉ። አንድ እሁድ ግን የልጅቷን ስኒ ከሌላው ለይተው ሲያስቀምጡ አየሁ። ልጅቷም አይታለች። ሰው እስኪበተን ጠብቃ "ጋሼ፣ ይሄ ነገር ይጋባል እንዴ?" አለችኝ። የምሠራው በኅብረተሰብ ጤና ሙያ ስለሆነ መልሱን አውቀዋለሁ። አይጋባም። በስኒም፣ በመጨባበጥም፣ አንድ አልጋ ላይ በማደርም አይተላለፍም። አልኳት። እሷ ግን ወዲያው "ታዲያ ከየት አመጣሁት?" አለች። ይሄኛው ጥያቄ በሁለት ቃል አይመለስም።

ቁንጭር በሕክምናው ስሙ የቆዳ ሌሽማኒያሲስ ይባላል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ብዙ ሰው የሚያውቀው በቁንጭርነቱ ነው። ትግራይ ውስጥ ጊዝዋ ይሉታል፤ የጋሞዋ ኦቾሎ ውስጥ ደግሞ ቦልቦ። በየአገሩ የራሱ ስም ያለው በሽታ የቆየ በሽታ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩ በሕክምና ጽሑፍ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። እናቶች ግን ከዚያ በፊትም በልጆቻቸው ፊት ላይ ያውቁት ነበር።

መንስኤው በዓይን የማይታይ፣ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ወደ ሰው የሚያደርሰው የአሸዋ ዝንብ የሚባል ነፍሳት ነው። ስሙ ያሳስታል። ዝንብም አይመስልም፣ አሸዋም አይፈልግም። ቁመቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከወባ ትንኝ በብዙ ያንሳል። ጸጉራም ነው። ሲበር ድምፅ የለውም። ትንኝ ጆሮ ላይ ጥዝ ብላ ታስጠነቅቃለች፤ ይሄኛው ዝም ብሎ መጥቶ ዝም ብሎ ይሄዳል። የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ናት፣ ለእንቁላሏ ደም ስለሚያስፈልጋት። ቀን ቀን በዋሻ፣ በድንጋይ ስንጥቅና በካብ ውስጥ ተደብቃ ትውላለች። የምትወጣው ሲመሽ ነው። ለመራባትም የቆመ ውሃ አያስፈልጋትም፤ እርጥበት ያለው አፈርና የበሰበሰ ነገር ይበቃታል። ስለዚህ ለወባ ብለን ያፋሰስነው ኩሬ ለዚህ በሽታ ብዙም አይፈይድም።

ከተነከሱ በኋላ ቁስሉ ወዲያው አይወጣም። ሳምንታት፣ ብዙ ጊዜም ወራት ይፈጃል። መጀመሪያ ብጉር የምታክል እብጠት ትሆናለች። ቀስ እያለች ትሰፋለች፣ ቅርፊት ታበጃለች፣ አንዳንዴም ትቆስላለች። እኛ አገር አብዛኛውን ጊዜ የምትወጣው ፊት ላይ ነው፤ አፍንጫ፣ ጉንጭ፣ ከንፈር አካባቢ። ሌሊት ስንተኛ ሳይሸፈን የሚቀረው ፊታችን ነውና።

ታዲያ ዝንቧ ራሷ ተሕዋሱን ከየት ታገኘዋለች? ከሽኮኮ ነው። ሽኮኮ ስል ዛፍ ላይ የምትሯሯጠውን ባለ ጭራዋን ማለቴ አይደለም። ጭራ የሌላት፣ ጥንቸል የምታህል፣ ጠዋት ጠዋት ድንጋይ ላይ ወጥታ ፀሐይ የምትሞቀውን ነው። (ሥጋ ዘመዷ ዝሆን ነው ሲባል የሚያምን ሰው ጥቂት ነው፤ ግን እውነት ነው።) ተሕዋሱ በሽኮኮዋ ቆዳ ውስጥ፣ በተለይ አፍንጫዋ አካባቢ፣ ብዙም ሳይጎዳት ይኖራል። ዝንቧ ከእሷ ደም ስትመጥጥ ይዛው ትሄዳለች። ሆዷ ውስጥ ይራባል። ከቀናት በኋላ ሰው ስትነክስ ወደ ሰው ያልፋል። ሰው ቆዳ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ወራሪን ውጠው የሚገድሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ይውጡታል። እሱ ግን አይሞትም፤ እዚያው ውስጥ ይባዛል። ቁስሉ የማይደርቀው ለዚህ ነው።

ዑደቱ ይህ ከሆነ ሰው በዋናነት በሽኮኮና በዝንብ መካከል በድንገት የተገኘ መንገደኛ ነው። እኛ ባንኖርም በሽታው በገደሉ ውስጥ ይቀጥላል። ለልጅቷ በደንብ ማስረዳት የነበረብኝ ይህን ነበር። ቁንጭር የሰው ብቻ ሳይሆን የቦታ በሽታ ነው።

ኤፒዲሚዮሎጂ የሚባለው የጥናት ዘርፍ የሚነሣውም ከዚህ ነው። ሐኪም በሽተኛውን ያያል። ኤፒዲሚዮሎጂ ማን ታመመ፣ የት ታመመ፣ መቼ ታመመ ብሎ ይጠይቃል። ከሁሉም በላይ ደግሞ እዚህ ሆኖ እዚያ ያልሆነው ለምንድን ነው ይላል። ቁንጭር ላይ ይሄ የመጨረሻው ጥያቄ ወርቅ ነው።

ከፍታውን እንይ። የሐሩር በሽታ ሲባል ሰው ሙቀት፣ ቆላ፣ ላብ ያስባል። የዚሁ በሽታ ዘመድ የሆነው፣ ጉበትና ጣፊያ የሚያጠቃው ካላዛር በርግጥም የቆላ በሽታ ነው፤ መተማንና ሑመራን ያየ ያውቀዋል። የኢትዮጵያ ቁንጭር ግን የወይናደጋና የደጋ ነው። በብዛት የሚገኘው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1400 እስከ 2700 ሜትር ባለው መሬት ነው። ሽኮኮ የሚወደው ገደል፣ ዝንቧ የምትመርጠው ቀዝቀዝና ረጠብ ያለ ዋሻ እዚያ አለ። በሽታው ወሎ ኩታበር፣ ትግራይ፣ ስልጤ፣ ወላይታ፣ አዲስ አበባ አጠገብ በሰበታ በኩል ተገኝቷል። ካርታ ላይ ብትነጥቧቸው ተራራ ተራራውን ይከተላሉ።

ይህን ከነጠቡት ቀደምት ተመራማሪዎች አንዱ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። እንዶድ የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያሳዩት እሳቸው መሆናቸውን ብዙ ሰው ያውቃል። ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1969 የደጋውን የቆዳ ሌሽማኒያሲስ ኤፒዲሚዮሎጂ ማጥናታቸውን ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ሌሎች ተመራማሪዎች ተሕዋሱን ከሽኮኮ አገኙት። እ.ኤ.አ. በ1973 ሌሽማኒያ ኢትዮፒካ የሚል የራሱ ስም ወጣለት። በአገራችን ስም የተጠራ በሽታ አምጪ ሆኖ ሳለ እኛ ራሳችን ብዙም አለማወቃችን ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ሐዋሳ ልመለስ። ከተማችን 1700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ሐዋሳም አለችበት ሊል ይችላል። ግን ሐዋሳ በቁንጭር የምትታወቅ ከተማ አይደለችም። ከፍታ ብቻውን በሽታ አያመጣም። ገደሉ፣ ሽኮኮው፣ የዝንቧ ትክክለኛ ዝርያና የሰው ቤት አንድ ላይ መገናኘት አለባቸው። ሐዋሳ ግን ሌላ ነገር አላት። ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ፋብሪካ አላት፣ ከየደጋው የሚመጣ ወጣት አላት። ሰው ከመንደሩ ይነሣል፤ ቁስሉ የሚወጣው ግን ከወራት በኋላ፣ እዚህ ሊሆን ይችላል። ያኔ "ሐዋሳ ውስጥ ምን ነካኝ?" ይላል። የነካው ግን ካገሩ ሳይወጣ ነው። ስለዚህ የማይድን የፊት ቁስል ያየ ባለሙያ "አገርህ የት ነው? ባለፈው ዓመት የት ከረምክ?" ብሎ ካልጠየቀ ፈንገስ ፈንገስ ሲል ይከርማል። በልጅቷም የደረሰው ይኸው ነው።

ቁንጭር የቦታ በሽታ ለመሆኑ ከኦቾሎ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ኦቾሎ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ ከአባያ ሐይቅ በላይ ያለች መንደር ናት። ቤቶቹ አለቱ ላይ ተጠጋግተው ነው የተሠሩት። በቤትና በቤት መካከል ዋሻ አለ፤ ዋሻው ውስጥ ዝንብ አለ፤ ሽኮኮው ከጓሮ አይርቅም። ሰው፣ ሽኮኮና ዝንብ አንድ ግቢ ውስጥ ይኖራሉ ብንል አልተጋነነም። በትምህርት ቤት ልጆቿ ላይ በተደረገ አንድ ጥናት ንቁ ቁስል የተገኘባቸው ከ100 ልጅ 4 ገደማ ነበሩ። ጠባሳ ያለባቸው ግን ከግማሽ በላይ ናቸው።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አብረን እናንብባቸው። ቁስሉን ብቻ ቆጥሮ የሄደ ሰው "4 በመቶ፣ ብዙም አይደለም" ብሎ ይመለሳል። ቁስሉ የሚናገረው ስለ ዛሬ ነው። ስላለፉት ዓመታት የሚናገረው ጠባሳው ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያዩ በሽታው አልፎ ሂያጅ እንዳልሆነ ይገባል፤ ትውልድ በትውልድ ላይ በልጅነት እያለፈበት ያለ ነገር ነው። አንዴ የያዘውና የዳነ ሰው ብዙ ጊዜ ሰውነቱ ይለምደዋል፤ ተመልሶ አይታመምም። ስለዚህ በቆየበት መንደር ትልልቆቹ ጠባሳ፣ ትንንሾቹ ቁስል ይዘው ታገኛላችሁ። አዲስ ሲገባ ግን ሁሉም እኩል ባዳ ስለሆነ አዋቂም ልጅም ይታመማል። ስልጤ ውስጥ በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ወረርሽኝ ተብሎ ሲጠና ከተመረመሩት ነዋሪዎች ከመቶ 4.8 ያህሉ ንቁ ቁስል ተገኝቶባቸዋል። ቁጥሩ ከኦቾሎ ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ታሪኩ ግን የተለየ ነው።

በሰሜን "የሌሊት ወፍ ሸናበት" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ይህን ሲሰሙ የሚስቁ የጤና ባለሙያዎች አሉ። እኔ መሳቅ አልችልም። የሌሊት ወፍ የት ይኖራል? ዋሻ ውስጥ። መቼ ይወጣል? ሲመሽ። ሕዝቡ ቦታውንም ሰዓቱንም በትክክል አስተውሏል። የሳተው እንስሳውን ብቻ ነው። ያቺ ድምፅ አልባ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር የምትሆን ፍጥረት ሳትታይ ብትቀር በማን ይፈረዳል?

በመላ አገሪቱ በየዓመቱ ስንት ሰው ይታመማል ቢባል ባለሙያዎች የሚጠቅሱት ግምት ከ20,000 እስከ 50,000 ነው። የግምቱ ስፋት ራሱ ችግሩን ይናገራል። ሰው ጠበል ይሄዳል፣ ባህል ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፣ በጋለ ብረት የሚያስተኩስም አለ፤ ወይም ራሱ ይድናል ብሎ ይጠብቃል። እውነትም ብዙው ራሱ ይድናል፣ ግን ዓመታት ፈጅቶ፣ ጠባሳ ጥሎ። ጤና ተቋም ያልደረሰ ሰው ደግሞ መዝገብ ላይ የለም።

ሁሉም ቀላል ቁስል አይደለም። አንዳንዱ ወደ አፍንጫና አፍ ውስጠኛ ክፍል ገብቶ ሥጋውን ይበላል። ሌላው ደግሞ ሰውነት መከላከል ሲያቅተው በፊት፣ በእጅና በእግር ሁሉ ተበትኖ ይወጣል፤ ይሄኛው ዓይነት ለሥጋ ደዌ በጣም ስለሚመሳሰል በዚያ ስም የተጠሩ ሰዎች ነበሩ። ምርመራው ከቁስሉ ጠርዝ ጥቂት ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ሕክምናው እንደ ዓይነቱ ይለያያል። ትንሹን ቁስል በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ማከም ይቻላል፤ ለከባዱ ለሳምንታት በየቀኑ የሚወጋ መርፌ ይሰጣል፣ እሱም ክትትል ይፈልጋል። አዲስ አበባ አለርት፣ ደሴ ቦሩ ሜዳ፣ ጎንደርና አርባ ምንጭ በዚህ ሥራ የሚታወቁ ሆስፒታሎች አሉ። ችግሩ ርቀቱ ነው። ገደል አፋፍ ያለ ገበሬ ልጁን ይዞ አንድ ወር ከተማ መክረም ከየት ይችላል?

መከላከሉ ላይ ብዙ የተዘጋጀ መልስ የለም። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ይረዳል፤ ያልተነከረው ግን ቀዳዳው ለዝንቧ በር ነው። ሲመሽ ልጆችን ከዋሻ አፍ ማራቅ፣ የቤቱን ግድግዳ ስንጥቅ መምረግ፣ ፍግን ከመኝታ ማራቅ ይጠቅማል። ሽኮኮውን እንጨርሰው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም፤ ገደሉ እስካለ ሌላ ሽኮኮ ይመጣል።

ልጅቷን አርባ ምንጭ እንድትሄድ መከርኳት፣ ሄደችም። አከራያችንን ደግሞ አንድ እሁድ ቁጭ ብዬ ከሽኮኮ እስከ ዝንብ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። "አንተ ልጄ፣ ይሄን እያወቅክ እስካሁን ዝም አልክ?" አሉኝ። ልክ ናቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ስኒው ከሌሎቹ ጋር ረከቦቱ ላይ ነበር።

በቅርቡ ደወለችልኝ። ቁስሉ ደርቋል፣ ጠባሳው ግን ይታያል። የደወለችው ግን ለሌላ ነገር ነው። የስድስት ዓመት ታናሽ ወንድሟ ጉንጩ ላይ ጀምሮታል። እናቷ እንደ ድሮው "ሁሉም ልጅ ያሳልፈዋል" ሊሉ ነበር። እሷ እምቢ አለች። ሐሙስ በጠዋቱ መኪና ይዘውት ወደ አርባ ምንጭ ወርደዋል።