«ሰው ተይዞለታል» እና ሌሎች የሥነ ልቦና ምሩቃን ተረቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከዚራ አካባቢ ከአንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያነሣውን ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ከሥሩ «መምህር፣ ይህ ለእኔ ይሆናል? ወይስ ሰው ተይዞለታል?» ብሎ ጽፏል። ፎቶው የመደቡን መጠሪያ፣ ደመወዙንና የሥራ ቦታውን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የሚፈለገው የትምህርት ዝግጅት፣ የሥራ ልምዱ፣ የምዝገባው ቀንና የሚቀርቡት ማስረጃዎች የሰፈሩበት የታችኛው ግማሽ ግን ተቆርጧል። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ክፍል ውስጥ ከጎበዞቹ አንዱ ነበር። ማስታወቂያ ሲባል ግን ለእሱ መጠሪያውና ደመወዙ ነው፤ የቀረው ጌጥ ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ ሥነ ልቦና ማስተማር ከጀመርኩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነኝ፤ በቅጥር ኮሚቴ ውስጥም ደጋግሜ ተቀምጬአለሁ። «ሰው ተይዞለታል» የምትለውን ዐረፍተ ነገር ከምሩቃን፣ ከወላጆች፣ አንድ ጊዜም ማስታወቂያው ገና ሳይወጣ ከአንድ የባጃጅ ሾፌር ሰምቻታለሁ። ወደ እሷ እመጣለሁ። በመጀመሪያ ትናንሾቹን ልጥረጋቸው።

«ሥነ ልቦና የተማረ ሰው የሰው ልብ ያነባል።» አያነብም። ቢያነብ ኖሮ ፈተና ማረም ባላስፈለገኝ ነበር።

«ሥራው የታመመ ሰው ጋር ብቻ ነው።» እ.ኤ.አ. በ2002 የኢኮኖሚክስን የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ዳንኤል ካህነማን የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር። ወደ ቤታችን ስንመጣ ደግሞ ትምህርት ቤት፣ የሴቶችና ሕፃናት ቢሮ፣ ማረሚያ ቤት፣ የባንክና የፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል፣ የስደተኛ ጣቢያ፤ ሁሉም ይቀጥራል። ሁልጊዜ «ሳይኮሎጂስት» በሚል መጠሪያ ላይሆን ይችላል እንጂ።

«ለምዝገባ ትንሽ ገንዘብ ይከፈላል።» ገንዘብ የሚጠይቅህ ቀጣሪ አይደለም።

«የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፣ የአምስት ቀን ሥልጠናም ወስጃለሁ፤ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ነኝ።» አይደለህም። ያሳተምከውን ካርድም ሰብስበው።

«ሳይኮሎጂና ሳይካትሪ ያው ነው።» ይህኛው ስህተት የመኪና ገንዘብ ያስከፍላል። ሐረር ውስጥ የወጣ «የሥነ አእምሮ ባለሙያ» የሚል ማስታወቂያ አይተው፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ወጥተው፣ ከመዝገብ ቤቱ መስኮት የተመለሱ ተማሪዎች አሉኝ። ሳይካትሪስት መጀመሪያ ሐኪም ነው። ሕክምና ተምሮ ከጨረሰ በኋላ በሥነ አእምሮ ይሠለጥናል። ይህ የስፔሻላይዜሽን ትምህርት በአገራችን የተጀመረው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ከዚያ በፊት ሐኪሞቻችን ለዚህ ትምህርት ባሕር ይሻገሩ ነበር። መድኃኒትም ያዛል። የሥነ አእምሮ ነርስም የጤና ሳይንስ ሰው ነው። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት በሁለተኛ ዲግሪና ከዚያ በላይ የሠለጠነ፣ በቃለ መጠይቅና በመለኪያ ፈተናዎች የሚመረምር፣ በንግግር ሕክምና የሚረዳ ባለሙያ ነው፤ መድኃኒት አያዝም። የአንተ የመጀመሪያ ዲግሪ ወደዚህ ሦስተኛው መንገድ የሚያስገባ በር እንጂ ቤቱ አይደለም። ሆስፒታሉ «በሳይካትሪ የመጀመሪያ ዲግሪ» ብሎ ሲጽፍ በስህተት የጻፈው አይምሰልህ። «ተዛማጅ» የሚለውን ቃል የቱንም ያህል ብትጎትተው እዚያ ድረስ አይደርስም።

አሁን ወደ ትልቋ።

«ማስታወቂያው ለይስሙላ ነው፤ ሰው ተይዞለታል።»

አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው፤ ይህንን ካድኩ ዋሸሁ። ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት አንድ የካውንስሊንግ መደብ አወጣ። የጠየቀው የሥራ ልምድ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ነው። አራት ወሯ ከየት መጣች? በዚያ ላይ የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ። ልክ የተወሰደለት ሰው ማን እንደሆነ የማያውቅ የከተማ ነዋሪ አልነበረም። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሲወጣ ከሩቅ ይታወቃል፤ የልብስ ሰፊ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን ይህቺ አንድ እውነት ሺህ ሰው የሚሸሸግባት ጥላ ሆናለች።

እስቲ ኮሚቴው ወዳለበት ክፍል ላስገባችሁ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ የድሬ ሙቀት አለ። ቬንትሌተሩ ወረቀቱን እንዳያበረው በየፋይሉ ቁልል ላይ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ዙር ማን ጎበዝ ነው የሚል አይደለም፤ ማን ያሟላል የሚል ነው። ፀሐፊው ማስታወቂያውን ይዞ ያነባል፣ እኛ ፋይሉን እንገልጣለን። አንደኛው ፋይል፦ የተጠየቀው በክሊኒካል ወይም በካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ነው፤ የቀረበው በትምህርት ሥነ ልቦና ነው። ጥሩ ዲግሪ፣ የሌላ መደብ። ሁለተኛው፦ የተቆጠረው ልምድ ግማሹ ከምረቃ በፊት የተሠራ ነው፤ ማስታወቂያው «ከምረቃ በኋላ» ይላል። ሦስተኛው፦ ከግል ድርጅት የመጣው የልምድ ደብዳቤ የሥራ ግብር ስለመከፈሉ አንዲት ቃል የለውም። አራተኛው፦ ዘጠኝ ገጽ የሕይወት ታሪክ፤ የሚወደው ምግብ ሳይቀር አለ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ርእስ ግን የለም። ብርጭቆው ከቁልል ወደ ቁልል ይዘዋወራል፣ የወደቀው ቁልል ይረዝማል። እስካሁን ማንም የማንንም የአባት ስም አላነሣም።

ከእነዚያ ፋይሎች ውስጥ አንዷ እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች። ልጅቷ በአንድ ድርጅት ውስጥ የሠራች ናት፤ የማመልከቻ ደብዳቤዋን ሳነብ ሥራውን እንደምታውቀው ያስታውቃል። የልምድ ደብዳቤዋ ግን «ታታሪ፣ ታዛዥና መልካም ሥነ ምግባር ያላት ሠራተኛ ነበረች፤ በሄደችበት ሁሉ እንዲቀናት እንመኛለን» ይላል። ከመቼ እስከ መቼ? የለም። በምን መደብ? የለም። ደመወዝ? የለም። ምርቃት ልምድ ሆኖ አይቆጠርም፤ ወደቀች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሳቢያን ሠፈር አክስቴ ቤት ቡና ላይ ተቀምጬ ሳለ አክስቴ ስኒዋን አስቀመጠችና «አንተ፣ እናንተ ሰዎች አታፍሩም እንዴ? የጎረቤቴን ልጅ ሰው ይዛችሁ አንከራተታችኋት አሉ» አለችኝ። ማን እንደሆነች ወዲያው ገባኝ። የኮሚቴ ነገር በየቡናው አይወራምና ዝም ብዬ ቶናውን ጠጣሁ። በረካው እስኪደርስ ስወቀስ ቆየሁ።

ደግሞ እኔ ራሴ ከማን እሻላለሁ? አዲስ ምሩቅ ሳለሁ ሌላ ክልል ላለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ተወዳድሬ ወደቅሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰማኝ ሁሉ «ሰው ተይዞለት ነበር» ስል ኖርኩ። ኋላ እኔ ራሴ ውጤት ሰጪ ሆኜ የናሙና ትምህርት መመዘኛውን ሳየው ያ ቀን ትዝ አለኝ። የተሰጠኝ ርእስ ክላሲካል ኮንዲሽኒንግ (አንድን ምልክት ከሌላ ነገር ጋር በማዛመድ መማር)፣ ሰዓቱ ሃያ ደቂቃ ነበር። እኔ እ.ኤ.አ. በ1879 ቩንት ላይፕሲግ ከተማ የመጀመሪያውን የሥነ ልቦና ቤተ ሙከራ ከከፈተበት ጀምሬ ታሪክ ስተርክ የርእሱ ዋና ምሳሌ የሆነው የፓቭሎቭ ውሻ ምራቁን ሳያዝረበርብ ሰዓቱ አለቀ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ሳልቸኩል አፈሰስኩ።

ስለዚህ ልመክር ነው፤ የማይፈልግ ይዝለለው። የልምድ ደብዳቤ ስትወስድ ሥራ በለቀቅህበት ቀን እዚያው ቆመህ አንብበው፤ የመደቡ መጠሪያ፣ የጀመርክበትና ያቆምክበት ቀን፣ ደመወዝ፣ ግብር፣ ማኅተምና ፊርማ። ከዓመት በኋላ ስትመለስ ኃላፊው ተቀይሯል፣ ድርጅቱም ፕሮጀክቱን ዘግቶ ሄዷል። ማስታወቂያው «በተከታታይ የሥራ ቀናት» ካለ ቅዳሜና እሑድን አትቁጠር፤ መቁጠር የምትጀምረው ግን ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን እንጂ አንተ ካየህበት ቀን አይደለም። «በግንባር» ካለ ወንድምህን አትላክ። ዋናውንና ኮፒውን አብረህ ያዝ። የወደቅህበትን ምክንያት ከሰው ሀብት ክፍሉ በጽሑፍ ጠይቅ፤ ከጥርጣሬህ ይልቅ መልሱ ይጠቅምሃል። በእርግጥ ሰው ተይዞለት ከሆነም ቅሬታህን የምታቀርበው የራስህ ፋይል ሙሉ ሲሆን ነው። በጎደለ ፋይል የሚቀርብ ቅሬታ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

«ውጤቴ ከፍተኛ ስለሆነ ዩኒቨርሲቲ ይወስደኛል።» ውጤት ለጥሪ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ፈተናና የናሙና ትምህርት አለ። ወደ አራት ነጥብ የተጠጋ ውጤት ይዞ መጥቶ ጀርባውን ሰጥቶን ስላይድ ሲያነብልን የቆየ ልጅ አይቻለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተናው አለ። እርከኑንም እወቅ፦ ከረዳት ምሩቅ ተጀምሮ በረዳት ሌክቸረር፣ በሌክቸረር፣ በረዳት ፕሮፌሰርና በተባባሪ ፕሮፌሰር በኩል ነው ፕሮፌሰርነት የሚደረሰው። ሁለተኛ ዲግሪ ይዞ የገባ ሌክቸረር ነው፤ እናትህ ሠፈር ውስጥ ምንም ብላ ብትጠራህ።

«የስደተኛ ጣቢያ የሥነ ልቦና ሥራ ሕክምና ነው።» ከዚህ ተነሥተው በጅጅጋ በኩል ወደ ቀብሪበያህ፣ አውበሬና ሸደር የሚሄዱ ምሩቃን ብዙ ናቸው። የአእምሮ ጤናና የሥነ ልቦና ማኅበራዊ ድጋፍ የሚባለው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ዓለም አቀፍ መመሪያ ላይ አራት እርከን ባለው ፒራሚድ ይታያል። ከታች መሠረታዊ አገልግሎትና ደኅንነት፣ ቀጥሎ የቤተሰብና የማኅበረሰብ ድጋፍ፣ ቀጥሎ ስፔሻሊስት ባልሆኑ ሠራተኞች የሚሰጥ የተለየ እርዳታ፣ ጫፉ ላይ የስፔሻሊስት ሕክምና። ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚወጣው መደብ በአብዛኛው መካከለኞቹ ላይ ነው፤ ቡድን ማወያየት፣ ሕፃናትን ማጫወት፣ ቤት ለቤት መዞር፣ የከፋውን ለይቶ ወደ ሕክምና መላክ። የከበረ ሥራ ነው። ሶፋና መጋረጃ ጠብቀህ ከሄድክ ግን አሸዋና ድንኳን ይጠብቅሃል።

«የቋንቋ መስፈርት እኛን ለማግለል ነው የሚገባው።» ይህንን ስሰማ ትዕግሥቴ ያልቃል። መሐንዲስ በአስተርጓሚ ድልድይ ይሠራ ይሆናል። የእኛ መሣሪያ ግን ቋንቋው ራሱ ነው። አንድ ጊዜ ከገጠር የመጣች እናት ጋር ተቀምጬ ነበር፤ ማንነቷ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጬዋለሁ። እኔ ኦሮምኛዬ ያኔ ከሰላምታ አያልፍም። የሚያስተረጉምልን አብሯት የመጣው የባሏ ወንድም ነበር። እሷ ረጅም ትናገራለች፣ እሱ «ደህና ነኝ ነው የምትለው» ይለኛል። እጇ የነጠላዋን ጫፍ ደጋግሞ ይቋጥርና ይፈታል። በአራተኛው ጥያቄ ላይ መናገሯን ተወች። እስከ ዛሬ ምን እንዳለች አላውቅም። ከዚያ በኋላ ነው ቋንቋውን መማር የጀመርኩት። ድሬዳዋና ሐረር ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛና ሐረሪ በአንድ ገበያ ላይ ይሰማሉ። ሁለቱን የሚችል ምሩቅ ሲገኝ፣ ከእኔ የተሻለ ክሊኒካል ባለሙያ የመሆን ዕድሉ ገና ከበሩ ነው የሚጀምረው።

«አሜሪካ ሳይኮሎጂስት ይፈልጋል፤ በዲግሪዬ እሄዳለሁ።» ይፈልጋል፤ አንተን ግን በዲግሪህ አይደለም። እዚያ በአብዛኞቹ ግዛቶች በራሱ ኃላፊነት የሚሠራ ሳይኮሎጂስት ለመባል የዶክትሬት ዲግሪ፣ በኃላፊ ሥር የተሠራ የልምምድ ጊዜና 225 ጥያቄ ያለው የፈቃድ ፈተና ያስፈልጋል። ዶክትሬቱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፒኤችዲ (PhD) የሚባለው፣ ምርምርንና ሕክምናን አጣምሮ የያዘው፣ እ.ኤ.አ. በ1949 ቦልደር ከተማ በተደረገ ጉባኤ የጸናው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው የትምህርቱን ወጪ ሸፍኖ አበል ይሰጣል። ሁለተኛው ሳይዲ (PsyD) የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በቬይል ከተማ ጉባኤ ተቀባይነት ያገኘው፣ ወደ ሕክምናው ያዘነበለው ነው፤ ይህንን አብዛኛውን ጊዜ ተማሪው ይከፍላል። በስም ሳይለዩ ያመለከቱና የክፍያውን ሰሌዳ ሲያዩ የደነገጡ ልጆች ደውለውልኛል።

የዩኒቨርሲቲ መምህርነት ማስታወቂያቸውም እንደኛ በአሥር ቀን የሚዘጋ አይደለም። በአብዛኛው በበጋቸው መጨረሻና በመጸው ይወጣል፤ ሥራው የሚጀመረው በቀጣዩ ዓመት መስከረም ግድም ነው። የሚጠይቁት የማመልከቻ ደብዳቤ፣ የሕይወት ታሪክ፣ የምርምርና የማስተማር መግለጫ፣ እንዲሁም ብዙውን ጊዜ የሦስት ሰዎች የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ፎቶ፣ ሃይማኖትና የጋብቻ ሁኔታ አይፈልጉም። የድጋፍ ደብዳቤ ጻፍልኝ የምትለኝ ከሆነ ደግሞ ከማብቂያው ቀን በፊት ባለችው ሌሊት አትደውልልኝ።

ለልጁ ይህንን ሁሉ በአጭሩ ጽፌ መለስኩለት፤ የተቆረጠውን ግማሽም ተመልሶ እንዲያነሣ ነገርኩት። ትናንት ማታ ሌላ ፎቶ ደረሰኝ። የትምህርት ዝግጅቱ አለ፣ የሥራ ልምዱ አለ፣ የምዝገባው ቀን አለ፣ ከግርጌው ማኅተሙ ሳይቀር ይታያል። የመደቡ መጠሪያ ግን ተቆርጧል።