የሳይክል ሄድሴት ምንድን ነው? ሲላላስ እቤት እንዴት ይስተካከላል?

ጆሮ ላይ የሚደረገውን ማዳመጫ ለጊዜው እርሱት። የሳይክል ሄድሴት የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ ሳይላወስ እንዲዞር የሚያደርጉ ሁለት ኩሽኔታዎች ናቸው። የሹካው አንገት በፍሬሙ የፊት ቱቦ ውስጥ አልፎ ወደ ላይ ይወጣል፤ አንዱ ኩሽኔታ ከቱቦው አናት ላይ፣ ሌላው ከግርጌው ተቀምጠዋል። ከላይ የወጣውን አንገት ስቴሙ ይጨብጠዋል፣ ስቴሙ ደግሞ መሪውን ይይዛል።

ቶሎ የሚጎዳው የታችኛው ነው። የመንገዱ ምት መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፤ ጎማው የሚረጨው የክረምት ጭቃም እዚያው ይገባል። ከፒያሳ ጀርባ ባለው ኮብልስቶን የሚመላለስ፣ ወይም ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር በቸርችል ቁልቁለት ፍሬን እየያዘ የሚወርድ ሰው መላላቱን በእጁ ያውቀዋል። ፍሬን በያዘ ቁጥር መሪው ሥር ቀጭ ይላል።

ቀጭ ያለ ሁሉ ግን ሄድሴት አይደለም። የፊት ፍሬኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ የሌላውን እጃችሁን ጣት ፍሬሙና ሹካው የሚገጥሙበት ላይ አድርጉና ሳይክሉን ወደፊትና ወደኋላ ነቅንቁት። ከዚያ መሪውን ወደ ጎን 90 ዲግሪ አዙራችሁ ድገሙት። ያኔም ጣታችሁ ሥር ከተላወሰ ሄድሴቱ ነው። ጎማው ቀጥ ሲል ብቻ የሚላወስ ከሆነ የፍሬን ሸራውን ወይም ሹካው ባለ ሞላ ከሆነ ሞላውን ጠርጥሩ። ቸርኬውን ይዛችሁ ወደ ግራና ቀኝ ስትገፉት የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ያለው የጎማው መሃል ኩሽኔታ ላይ ነው።

አሁን አናቱን እዩ። ስቴሙ ላይ ክዳን፣ ክዳኑ መሃል አንድ የብሩጎላ (ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ) ቡሎን ካለ ሄድሴቱ ጥርስ አልባ ነው፣ ማለትም የሹካው አንገት እንደ ቡሎን ጥርስ የለውም፤ የአሁኖቹ ሳይክሎች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የላይኛውን ቡሎን አገኘሁት ብሎ በኃይል ያጠብቃል። ያ ቡሎን ግን ስቴሙን ወደ ታች ገፍቶ ኩሽኔታዎቹን ያቀራርባል እንጂ ምንም ነገር አይዝም። የሚይዙት የስቴሙ የጎን ቡሎኖች ናቸው። እነሱ እንደጠበቁ ላዩን ብታዞሩት ስቴሙ አይወርድም፤ አንገቱ ውስጥ የተሰካው ኮከብ ቅርጽ ያለው ዳዶ ወደ ላይ እየተሳበ ከቦታው ይለቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ የጎን ቡሎኖቹን አላሉ፤ ብዙውን ጊዜ ቁጥር 4 ወይም 5 ብሩጎላ ነው። ቀጥሎ የላዩን የዙር ስምንተኛ ያህል ብቻ አጥብቁና በፍሬን ፈትሹ። መላወሱ እስኪጠፋ እንዲሁ ደጋግሙ፣ በጠፋበት ቁሙ። ሳይክሉን ከፍሬሙ ይዛችሁ የፊቱን ጎማ አንሱት፤ ትንሽ ገፋ ስታደርጉት መሪው በራሱ ክብደት ወደ ጎን መውደቅ አለበት። ከደረቀ አልፋችኋልና ትንሽ መልሱት። መጨረሻ ላይ ስቴሙን ከጎማው ጋር አስተካክላችሁ የጎን ቡሎኖቹን እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። የሚጠብቁበት የኃይል ልክ አብዛኛውን ጊዜ ስቴሙ ላይ ተጽፏል፤ 5 ወይም 6 ኒውተን ሜትር የተለመደ ነው። እጀታው ረጅም በሆነ ብሩጎላ በሙሉ ኃይል የሚታገል ሰው የቡሎኑን ጥርስ በልቶ ያርፋል።

የላዩ ቡሎን እየጠበቀ መላወሱ ካልጠፋ ክዳኑ የሹካውን አንገት ጫፍ ነክቶ ቆሟል ማለት ነው። የአንገቱ ጫፍ ከስቴሙ አፍ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ካላለ አንድ ቀጭን ቀለበት ከስቴሙ ሥር ወይም ከላዩ ጨምሩ።

በቆዩት ሳይክሎች ላይ ያለው ባለ ጥርሱ ነው፤ አንገቱ ዙሪያ ሁለት ትልልቅ ዳዶዎች ተደራርበው ታያላችሁ፣ ብዙዎቹ 32 ቁጥር መፍቻ ይፈልጋሉ። የታችኛውን በቀጭን መፍቻ ያዙ፣ የላዩን አላሉ፣ የታችኛውን መላወሱ እስኪጠፋ በእጅ አዙሩና ፀጉር ታህል መልሱት፤ የላዩ ሲቆለፍ ወደ ታች ይገፋዋልና ቀድሞ ልክ የነበረው ይደርቃል። በፒንሳ አትንኩት፤ ማዕዘኑን ይልጠዋል።

መሪው ቀጥ ሲል እንደ መቆለፊያ ቀጭ ብሎ የሚይዝ ከሆነ ኳሶቹ የሚሄዱበት ብረት ጎድጉዷል፤ ያንን ማስተካከል አያድነውም፣ ይቀየራል። ከፈታችሁት ኩሽኔታዎቹን በላምባ እጠቡ፣ አድርቁና አዲስ ግራሶ ሙሉ። ኳሶቹን የያዘውን ቀለበት አቅጣጫ ሳታወጡት በፊት ፎቶ አንሱት፤ ኳሶቹ ሳይሆኑ ቀለበቱ ብረቱን ከነካ ተገልብጧልና መሪው ወይ ይደርቃል ወይ እንደላላ ይቀራል። ላቫጆ ከወሰዳችሁትም የውሃው ግፊት እዚህ መጋጠሚያ ላይ እንዳያርፍ ንገሯቸው፤ ግራሶውን አጥቦ ያወጣዋል።